ፊልሙ ላይ ያሉት ቄስ

ቄስ ገብረ ኪዳን በስልሳ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው አንድ ፊልም ብቻ ነው ያዩት፤ እሱም የገዛ ራሳቸው ሆኖ አረፈው። ሆስፒታል ላቦራቶሪ የምትሠራው ልጃቸው ኤሌኒ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኳን ቴርሞስ ላይ አስደግፋ፣ «አባባ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እርስዎ ቢያዩት ይሻላል» ብላ ከፈተችላቸው።

«የአራት ቁጥር ሰዎች» ይላል ርእሱ። ከሥሩ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ቄሱ ይህን ሲያነቡ ገና አንድ ሰው እንኳ ብቅ ሳይል ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አራት ቁጥር እሳቸው ዓመት ከስምንት ወር የታሰሩበት ክፍል ነዋ።

የታሰሩበት ነገር ራሱ ጉድ ነው። ተወልደው ባደጉበት በወገራ ደጋ ሁለት ወገኖች በመሬት ተካሰሱ፤ ቄሱ በሽማግሌነት የፈረሙበት አንድ ወረቀት ፍርድ ቤት ሲደርስ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። ሳያነቡ ነበር የፈረሙት። ወረቀቱን ያመጣው በቆሎ ተማሪነታቸው ከአንድ አኮፋዳ አብሯቸው የበላ ጓደኛ ነው፤ እሱ ፊት ወረቀት ማንበብ እሱን መጠርጠር መስሎ ታያቸው። ጓደኝየው ጠፋ፣ እሳቸው ገቡ። ከጎንደር ራቅ ያለ እስር ቤት ነበር። ሲፈቱ ወደ ጎንደር፣ ቀሐ ሰፈር ወዳለው ደብራቸው ተመለሱ፤ ምእመኑም በእልልታ ተቀበላቸው። ያኔ ማንም ክፉ አልተናገራቸውም።

ፊልሙ ላይ ያሉት ቄስ ስማቸው «አባ ገብሬ» ተብሏል፤ ይህ ስም መቀየር ከተባለ። ተዋናዩ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ሲናገር መስቀሉን እንደሳቸው በአውራ ጣቱ ያሻሻል፣ ሲራመድ እንደሳቸው ቀኝ እግሩን ጎተት ያደርጋል። የቀረው ሁሉ እጅ እግር የለውም። ባለትዳር ቄስ ላይ የመነኩሴ ቆብ ደፍተውበታል። መስቀሉ የብር ነው፤ እሳቸው እስር ቤት የያዙት ከተሰበረ የወንበር እግር የተጠረበ ነበር። ተነሳሒው ኃጢአቱን ገና ሳይናገር ቄሱ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉታል።

«ምኑን ነው የሚፈታው? ገና ምን ሰማና!» ብለው ስልኩን ተቆጡት።

ኤሌኒ አልሳቀችም። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቃለች።

ቀጥሎ የመጣው ይህ ነው። አላምረው የሚባል እስረኛ ሊያመልጥ አስቦ፣ ከመሄዱ በፊት ለአባ ገብሬ ንስሐ ይገባል፤ በየትኛው ቀን፣ በየት በኩል እንደሚወጣ ሳይቀር ይነግራቸዋል። አባ ገብሬ ሄደው ለእስር ቤቱ አዛዥ ይዘረግፉታል። አላምረው ይያዛል፣ ይደበደባል፣ ይሞታል። ፊልሙ ሲያልቅ ቄሱ በአዛዡ ቢሮ ተቀምጠው፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምረው ሻይ ሲጠጡ ያሳያል።

ቄስ ገብረ ኪዳን ስልኩን በፊቱ ደፉት። ከዚያ «እኔ ስኳር አልወድም እኮ» አሉ፤ ሌላ የሚሉት ጠፍቷቸው።

አላምረው እውነተኛ ሰው ነበር። የአዘዞ ልጅ፣ የሃያ አራት ዓመት ወጣት። ሊያመልጥ መሞከሩ እውነት ነው፤ ተይዞ ወደ ሌላ እስር ቤት መዛወሩም፣ እዚያ ታሞ በሦስተኛው ወር መሞቱም እውነት ነው። ለእናቱ ለወይዘሮ አምሳል አንድ ጃኬትና አንድ ጥንድ ጫማ በፌስታል መጣላቸው። ለአዛዡ ያወራ ሰው መኖሩም እውነት ነው። ዋናው ውሸት ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ያወራው ቄሱ ናቸው የተባለው ላይ።

ማን እንዳወራ ቄስ ገብረ ኪዳን ያውቃሉ። «ታዲያ ለምን አይናገሩም?» ያለ ሰው አይፈረድበትም፤ መልሱ ግን አጭር ነው፤ ያወቁት በንስሐ ነው። የሰማውን ንስሐ ያወጣ ቄስ ክህነቱ የለም። ተራኪ ግን የንስሐ አባት አይደለምና እዚህ ላይ ይነገራል።

ያወራው ሙሉቀን ነው። ከአላምረው ጎን ይተኛ የነበረ፣ ገመዱን አብሮት የገመደ ጓደኛው። አመክሮህ ይፋጠንልሃል ብለውት ነበር። የአላምረው ሞት በተሰማ ሳምንት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ቄሱ እግር ላይ ወድቆ እየተንሰቀሰቀ ተናዘዘ። ቄሱም ቀኖና ሰጡት፤ አንደኛ ጾም፣ ሁለተኛ ስግደት፣ ሦስተኛ ደግሞ ከእስር ሲወጣ ወይዘሮ አምሳል ዘንድ ሄዶ እውነቱን ተናግሮ ይቅርታ እንዲለምን።

ሙሉቀን ከእስር ወጣ። ወይዘሮ አምሳል ዘንድ ግን አልሄደም። ይልቅስ ከዓመታት በኋላ ጌትነት ከሚባል ፊልም ሠሪ ወጣት ጋር ማራኪ በሚባለው ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ እየተገናኘ የእስር ቤት ታሪኩን ይተርክለት ጀመር። ጌትነት ክፉ ልጅ አይደለም፤ የነገሩትን ያምናል፣ ያመነውን ይጽፋል። «ምስጢሩን ያወጣው ማን ነው ታዲያ?» ብሎ ሲጠይቅ ሙሉቀን አመነታና «ቄስ ነበር...» አለ። ከዚያ በላይ አላለም፤ ከዚያ በላይም አላስፈለገም።

ፊልሙ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አዳራሽ ታይቶ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ከተማው ተናጠ። ካህናቱ ክህነትን አዋርዷልና ይታገድ አሉ። የእስር ቤት ሰዎች ስማችን ጠፋ አሉ። ወጣቱ እውነት ለምን ይታፈናል ብሎ ፌስቡክ ላይ ዘመተ። ሬዲዮ ላይ ምሁራን ተጋብዘው ስለ ኪነ ጥበብ ነፃነት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። ያልተናገረ አልነበረም። ሄዶ «አባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ያለ ግን አንድም ሰው አልተገኘም። በዚያ ዘመን እዚያ የታሰረ የጎንደር ቄስ አንድ ብቻ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለከተማው ይህ በቂ ማስረጃ ነበር።

ባለቤታቸው ወለተሩፋኤል ሠላሳ አንድ ዓመት አብራቸው ኖራለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ስለ ነገራቸው ነገር አንዲት ቃል ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። የጎረቤት ባልና ሚስት ሲጣሉ እሷ ወሬውን የምታገኘው ከገበያ ነው፤ ቄሱ ግን ያንኑ ጧት ሲያስታርቁ አርፍደው፣ ቤት ገብተው ሽሮ እየበሉ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ድሮ ድሮ ይህ ነገራቸው ያበሳጫት ነበር። አሁን በዚሁ ሰው ላይ «ምስጢር አወጣ» ሲባል ስትሰማ ደሟ ፈላ።

«ምነው አንቱ፣ ዝም ይላሉ? ወጥተው ይናገሩ እንጂ!»

«አልተናገርኩም እላለሁ። ታዲያ ማን ተናገረ ይሉኛል። ከዚያስ?»

«አላውቅም ይበላ!»

ቄሱ እንጀራቸውን ቆረሱ። እሷም ተናዳ ሰሐኑን አነሣች።

በመጨረሻ ከቤት ያስወጣቻቸው ኤሌኒ ናት። ማራኪ ባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ በፊልሙ ላይ ውይይት ተዘጋጅቶ፣ ጌትነት ራሱ ደውሎ በትሕትና ጋበዛቸው። «ሄደው አንዴ ይናገሩና ይገላገሉ» አለቻቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን አጣጥበው ሄዱ። በሚኒባስ ውስጥ ሲሄዱ የሚሉትን በልባቸው ይደጋግሙ ነበር፤ ምስጢር አውጥተዋል ወይ ሲባሉ አላወጣሁም፣ አላወጣምም።

ጌትነት ማይክራፎኑን ይዞ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ። «አባታችን፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ። አላምረው ሊያመልጥ ማሰቡን ለእርስዎ በንስሐ ነግሮዎት ነበር?»

ይህን አልተዘጋጁበትም። ነግሮኛል ቢሉ የሞተ ሰው ንስሐ ማውጣት ነው። አልነገረኝም ቢሉም ያው ነው፤ ንስሐው ውስጥ የሌለውን መናገር ያለውን መቁጠር መጀመር ነው። 

«እኔ የማንንም ንስሐ አውጥቼ አላውቅም» አሉ።

«ይገባኛል አባታችን። ግን ነግሮዎት ነበር?»

«ይህንን አልመልስም።»

አዳራሹ ተጉመተመተ። «እንግዲህ አመኑ ማለት ነው» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ይሄኔ ከፊተኛው ወንበር ሙሉቀን ተነሣ። አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል፤ ከፊልሙ ወዲህ የታወቀ ሰው ሆኗል። ወደ መድረኩ ወጥቶ መስቀላቸውን ተሳለመና ማይክራፎኑን ተቀበለ። «አባ፣ እኔ በበኩሌ ይቅር ብዬዎታለሁ» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ቄስ ገብረ ኪዳን በዕድሜያቸው እንደዚያ ተቆጥተው አያውቁም።  «ሦስተኛውስ?» ብለው ቢጠይቁት ብቻ ይበቃ ነበር፤ አዳራሹ ባይገባው እንኳ የሰውየውን ፊት አይቶ ይነቃ ነበር። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ደረሰ። ዋጡት። ኤሌኒ ክንዳቸውን ይዛ ስታወጣቸው ተማሪዎቹ ግራና ቀኝ መንገድ ለቀቁላቸው፤ አክብሮት ግን አልነበረም፣ እንዳይነኳቸው ነው።

ከዚያ ስንብቱ መጣ። የንስሐ አባት መለወጥ የፈለገ ሰው ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ቤት መጥቶ «ያሰናብቱኝ» ይላል፣ ይመረቃል፣ ይሄዳል። ደንቡ ነው። አርባ ሦስት ቤተሰብ የንስሐ ልጅ የነበራቸው ቄስ በየሳምንቱ ሰው ሲመርቁና ሲሸኙ ከረሙ። አንዱ «አዘዞ ቤት ገባን፣ ራቀን» ይላል፤ ሚኒባስ የሌለ ይመስል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት «ሥራ በዛብኝ አባ» አለች፤ ሥራና ንስሐን ምን እንዳገናኛቸው እሷ ታውቃለች። እውነቱን የተናገሩት አንዲት ጡረተኛ ነርስ ብቻ ናቸው። «አባ፣ እፈራለሁ» አሉ። ቄሱ እኚህን ሴት ከሁሉ አብልጠው መረቁ። ዞሮ ዞሮ ዘጠኝ ቤተሰብ ቀረላቸው።

የወይዘሮ አምሳል ግን ከሁሉ ባሰ። ወይዘሮ አምሳል ከአዘዞ በሚኒባስ እየመጡ የሚያስቀድሱት ቄሱ በሚያገለግሉባት ደብር ነበር፤ «ልጄን በመጨረሻ የባረኩልኝ እርስዎ ነዎት» እያሉ በየዓመቱ የአላምረውን መታሰቢያ የሚያስደርጉት በእሳቸው ነው። ዘንድሮ ሌላ ቄስ ጠሩ። አንድ እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ፣ ቄሱ እንደ ልማዳቸው መስቀሉን ዘረጉላቸው። ሴትየዋ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና አለፏቸው። ቄሱ መስቀሉን እንደ ዘረጉ ትንሽ ቆዩ፤ ከኋላ የመጣ ሌላ ሰው ተሳለመው።

በኅዳር መጀመሪያ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሙሉቀን ራሱ በራቸውን አንኳኳ።

ወለተሩፋኤል ስታየው በሩን ፊቱ ላይ ልትዘጋበት ቃጣት፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ይቅር አልኩ ሲል የተቀረጸውን ኤሌኒ በስልኳ አሳይታታለች። ግን ደጅ የመጣ እንግዳ ነው። ዳቦ ቆረሰችለት፣ ጠላ ቀዳችለትና ከቄሱ ጋር ትታው በረንዳ ላይ ወጥታ ምስር ትለቅም ጀመር።

«ላገባ ነው አባ» አለ ሙሉቀን። «በቁርባን። የእጮኛዬ ቤተሰቦች ደግሞ ባልና ሚስት አንድ የንስሐ አባት ይኑራቸው ይላሉ፤ የእነሱ አባት ሌላ ናቸው። ከፊልሙ በኋላማ... ያው ሰው የሚለውን ያውቁታል። አይክፋዎትና ያሰናብቱኝ፤ ይቺንም ይፈርሙልኝ።»

ስማቸውን ያጠፋው ሰው፣ ስማቸው ስለ ጠፋ ሊሰናበታቸው መጣ።

ወረቀቱ በኮምፒውተር ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ንስሐ ገብቶ የተሰጠውን ቀኖና በሙሉ የፈጸመ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል።

«ቀኖናህን ጨርሰሃል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጾሙን ጾሜያለሁ። ስግደቱንም ሰግጃለሁ።»

«ሦስተኛውስ?»

ሙሉቀን ጠላውን ጎንጨት አለ። «አባ፣ ወይዘሮ አምሳል ልባቸው ደካማ ነው። ይህን ቢሰሙ አንድ ነገር ይሆናሉ። ለእሳቸው ብዬ ነው።»

«እሑድ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆማ አስቀድሳለች።»

«እኔስ? ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ጌትነትም ክፍል ሁለትን ሊጀምር ነው። አሁን ብናገር ምን እሆናለሁ?»

«ለጌትነት ምን ነበር ያልከው?»

«ስም አልጠራሁም አባ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ቄስ ነበር ብቻ ነው ያልኩት።»

ቄሱ የንዴት ሳቅ አመለጣቸው። ብዕሩን አንሥተው ወረቀቱን ደግመው አዩት። ቢፈርሙ ውሸት ነው። «አልፈጸመም» ብለው ቢጽፉበት ንስሐውን ማውጣት ነው። ዝም ብለው ቢመልሱለት ሰው ሁሉ ተበቀለው ይላል። ደግሞስ እውነት በቀል የለበትም? ይህን ራሳቸውን ጠየቁ፤ አለመፈረሙ ደስ እያላቸው መሆኑን ሲያውቁም አፈሩ። ግን አለመፈረማቸው ልክ ነበር። ልክ በሆነ ነገር ማፈር ደግሞ የባሰ አናደዳቸው።

«አሰናብቼሃለሁ። እግዚአብሔር መልካሙን ያምጣልህ» አሉ። «ይህን ግን አልፈርምም። ከሴትየዋ ዘንድ ደርሰህ ስትመለስ አምጣው።»

ሙሉቀን ወረቀቱን ነጥቆ ወጣ። ግቢው መሐል ሲደርስ ዞሮ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ፦ «ቂም ነው! በፊልሙ ቂም ይዘውብኝ ነው! ካህን ሆነው!»

ወለተሩፋኤል ምስሩን አስቀምጣ ገባች። «ምነው አልፈረሙለት?»

«አልፈርምም አልኩ፣ አለቀ።»

«ሰፈሩን በጩኸት አዳረሰው እኮ። ነገ ዘጠኙም ቤተሰቦች ይሄዳሉ።»

«ይሂዱ።»

ቆማ አየቻቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየችው ፊት ነው። «ቂም እንኳ አይደለም» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ቂም ቢኖርዎ ያን ዕለት መድረክ ላይ መስቀል አያሳልሙትም። ለዚያ በሬ ለሰረቀው ሰውዬ እንኳ ከባለ በሬው ጋር ታርቆ ሲመጣ ፈርመውለታል። አንቱ የማይፈርሙት ላልጨረሰ ሰው ነው።»

«ወለተ፣ ተይው።»

«ከእስር ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም፤ ለዚህ ሰው ቀኖና የሰጡት እስር ቤት ሳላችሁ ነው። ስግደት ስድስት ዓመት አይፈጅም። ከሰው መታረቅ ካልሆነ በቀር ይሄን ያህል አይቆይም። ከማን ነው የሚታረቀው? እዚያ የተበደለ ማን ነበር? አላም...» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እሱ ነው! ያወራው እሱ ነው!»

«ዝም በይ!»

ጮኸውባት አያውቁም ነበር። ጩኸቱ ከአፋቸው እንደ ወጣ መልስ መስጠታቸው መሆኑ ገባቸው። እሷም ገባት።

ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሣች። ፊቷ በርቷል፤ ከፊልሙ ወዲህ እንዲህ ሆና አያውቅም። «አዘዞ ልሄድ ነው። አምሳል ዛሬውኑ ትሰማዋለች።»

ቄሱ ቀድመዋት በሩ ላይ ቆሙ።

«ይልቀቁኝ! ለእኔ ማን ተናዘዘልኝ? እኔ ቄስ አይደለሁም! በገዛ ጭንቅላቴ ነው የደረስኩበት!»

«ከእኔ ነው የደረስሽበት።»

«አንድ ቃል አልነገሩኝም!»

«ወረቀቱን ስመልስለት ነገርኩሽ። ስጮህብሽ ደገምኩልሽ።» በሩን በጀርባቸው ገፍተው ዘጉት። «ያ ፊልም እስከ ዛሬ ውሸት ነበር፣ ወለተ። አንቺ አዘዞ ስትደርሺ እውነት ይሆናል።»

ወለተሩፋኤል ነጠላዋን እንደ ያዘች ቆመች። ልትገፋቸው ትችል ነበር፤ እግራቸው ደካማ ነው። «ታዲያ እሱ ያግባ? ይጨብጨብለት? አንቱ በየመንገዱ እየተሰደቡ፣ እኔ እያወቅሁ ልቀመጥ?» አለች።  በንዴት እያለቀሰች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እሑድ አምሳልን በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለች እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ። ቀና ብላ አየቻቸው። «አንቱ ይኼን ስድስት ዓመት ሙሉ እንዴት ቻሉት?»

«ማን ቻለው?» አሉ ቄሱ።